በአደራ የወጡ መጻሕፍት

ሰኞ

የመጽሐፍ ሱቄ በር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጓል። ክብ ነው፣ መሃሉ ላይ ቀስት አለው። ቀስቱ ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ መውጫ ያመለክታል። ስከፍት ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ ጣቴ ላይ ቀረ።

ጎረቤቴ አልማዝ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ በሯ ላይ ክብ ብቻ ነው ያለው። ጠዋት «የአንተ ይፈርሳል፣ የእኔ ይቆያል» አለችኝ። ከምሳ በኋላ ገለበጠችው፤ «የእኔ ይፈርሳል፣ አንተ መጽሐፍህን ይዘህ ወደ ገፈርሳ!»

መንገዱ እንደሚሰፋ ሁሉም ያውቃል። ማን እንደሚነሳ ግን የሚያውቅ የለም። ድሮ ጋዜጣ ላይ ስሠራ ሁለት ምንጭ ካላገኘሁ አልጽፍም ነበር። ዛሬ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ምንጭ ነው፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም።

ማክሰኞ

ሱቁን ያከራዩኝ ኦቦ ገመቹ መጡ። «አካም ቡልታን» ብዬ ሰላምታ አቅርቤ ወንበር ሰጠኋቸው። ምልክቱን ቆመው አዩት።

«እኔም እንዳንተው ነኝ። በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ስለ መንገዱ ስብሰባ አለ፣ እዚያ ይነግሩናል።»

«ከፈረሰስ?»

«ከፈረሰማ እኔም አብሬ ፈረስኩ!» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ረቡዕ

መጻሕፍቱ መመለስ ጀመሩ።

የሚያኖረኝ መጽሐፍ መሸጡ አይደለም፣ ማከራየቱ ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ አዲስ አበባ እየሠሩ ቡራዩ የሚያድሩ ናቸው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ያነባሉ፤ አንዱን ሲመልሱ ሌላ ይይዛሉ። ባዶ እጁን የሚወጣ የለም።

ዛሬ መጀመሪያ የመጡት ጋሽ ተፈራ ናቸው፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር። ግማሹ ላይ የደረሱበትን ወፍራም ልብ ወለድ በፌስታል ጠቅልለው አመጡት።

«ሳይጨርሱት?»

«የሰው ንብረት እጄ ላይ እያለ ሱቅህ ቢፈርስ ምን ሰው እባላለሁ?»

ሌላ ይያዙ ብላቸው እጃቸውን አወናጨፉ። ከእሳቸው በኋላ ሌሎችም መጡ። ሁሉም ያዝናል፣ ሁሉም ይመርቃል፣ ሌላ የሚይዝ ግን የለም።

ዓርብ

መደርደሪያው ሞልቶ ወለሉ ላይ ደርድሬያለሁ። ሱቁን ከከፈትኩ ጀምሮ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። አልማዝ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ሥራ ደራ እንዴ?» አለች።

መንገዱ ሳያፈርሰኝ የደንበኞቼ ጨዋነት ሊያፈርሰኝ ነው። ማንን ልቆጣ?

መጻሕፍቱን ሰበታ እህቴ ጋ ልውሰዳቸው? ቤቷ ያፈሳል። ደግሞ ከጫንኳቸው ሱቁን በገዛ እጄ ዘጋሁት ማለት ነው። ካልጫንኳቸውና በድንገት ውጡ ከተባልኩስ? አላውቅም።

ቅዳሜ

ጋሽ ተፈራ በደጄ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ለመሆኑ ያ ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ?» ስለ ልብ ወለዱ ነው። አልነገርኳቸውም። መጽሐፉን አምጥቼ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ኪራይ አይደለም። አደራ ነው። የሱቁ ነገር እስኪለይለት እርስዎ ጋ ይቆይልኝ።»

ሽፋኑን በእጃቸው ጠረግ አደረጉት። አደራ እንዴት እምቢ ይባላል። ከዚያ «ታዲያ አንድ ብቻ? ቤቴ ሰፊ አይደል» ብለው ሁለት ፌስታል ሙሉ ይዘው ሄዱ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሰፈር ደረሰ መሰለኝ፣ ከሰዓት ሌሎቹም መጡ። አልማዝ እንኳ «ማንበብ እንደማልወድ ታውቃለህ» እያለች አንድ ክምር በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቤቷ ወሰደች።

በመሃል ማን ምን እንደወሰደ ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር። አንዲት ደንበኛዬ አየችኝ። አደራ የሰጠ አይመዘግብም። ብዕሩን መለስኩት።

እሑድ

መደርደሪያው ባዶ ነው። አልማዝን «የወሰድሽውን ገለጥ ገለጥ አደረግሽው?» አልኳት። «አደራ ይነካል እንዴ!» ብላ ተቆጣች። ሁሉም እንደሷ ካሰበ መጽሐፎቼ በየቤቱ ተቆልፎባቸዋል ማለት ነው።

ጋሽ ተፈራ ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በመንገዱ ማዶ «ሰውዬው አሳዘነኝ!» ብለው ጮኹልኝ። ጨርሰውታል። ሌላም ጀምረው ይሆናል።

ሱቄን አድኜው ይሁን በትኜው አላወቅኩም። ነገ ባዶውን ልክፈት? እከፍተዋለሁ መሰለኝ።

ኦቦ ገመቹ ወደ ስብሰባው አብረን እንሂድ ብለዋል። መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቀስቱ ነው። ስብሰባው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።