ውርጭ ያነሳው መግቢያ

ለውድ እህቴ ለእትዬ ሄልሚ፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ባለፈው ያመመሽ ዓይንሽ ተሻለው ወይ? ባልሽን ኧርኒን ያ ክፉ ሳል ለቀቀው? እዚያ ሌክ ወርዝ ሙቀቱ ገና ከአሁኑ ሰው እንደሚያቀልጥ ስለማውቅ አደራሽን፣ ውሃ ጠጪ፣ በቀትር አትውጪ። እኛ ደህና ነን። የሬይኖ ግራ እጅ እንደ ወትሮው አልታዘዝ ብሏል፤ ምላሱ ግን ስትሮኩ ከመምታቱ በፊት ከነበረው ይልቅ ተስሏል። እኔም ከወገቤ በቀር ምንም አልሆንኩም። በረዶው ገና ሙልጭ ብሎ አልሄደም፤ ከሳውናው ጀርባ ያለው ክምር እንደ ታመመች ላም ተጋድሞ ቀርቷል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በመስከረም ነበር። ምን እዋሻለሁ፣ መልስ ያዘገየሁት መጀመሪያ አኩርፌ ነው። «በዚህ ዕድሜ ከመሬት ጋር አይታገሉም፤ ቤቱን ሽጡና ጆዲ የምትላችሁን ስሙ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። የወለድኳት ልጅና የእናቴ ልጅ አንድ አፍ ሆናችሁብኝ። በኋላ ግን ኩርፊያው ሲበርድልኝ፣ «ውርጩ አልፎ መሬቱ እስኪፈታ አንዲት መስመር አልጽፍላትም፤ ያኔ ወይ እሷ ትክክል ትሆናለች ወይ እኔ» ብዬ ማልኩ። አሁን መሬቱ ተፈታ። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

የጀመረው አምና ሚያዝያ ላይ ነው። ከመንገዱ እስከ ጋራዡ ያለውን የመኪና መግቢያ ታውቂዋለሽ፣ አባባ ኮንክሪት ያስሞሉትን። በየዓመቱ ሲሰነጠቅ፣ በጨው ሲላጥ ኖሮ፣ ያን ጊዜ አንዱ የኮንክሪት ገበታ አጠገቡ ካለው በአራት ጣት ከፍ ብሎ ተነሳ። እኔ ሬይኖን ለሐኪም ቀጠሮው እያቻኮልኩ ዊልቸሩን ስገፋ የፊት ጎማው እዚያ ጠርዝ ላይ ተቀረቀረ። ወንበሩ ተገለበጠ፣ ባሌ በፊቱ ተደፋ፣ የትከሻው አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። ላነሳው ብታገል አቃተኝ። ካፖርቴን አውልቄ አለበስኩትና እርጥቡ ላይ አጠገቡ ቁጭ አልኩ፤ መኪና እስኪያልፍ።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ትቀመጫለሽ?» አለኝ በዚያች በግማሽ አፉ።

«ብቻህን ልትጋደም ነው?» አልኩት።

በሳምንቱ ጆዲ ከግሪን ቤይ መጣች። ብቻዋን አልመጣችም፤ የቤት ደላላ ሴትዮ አስከትላ ነው። ልጄን አልወቅሳትም፤ ፈርታ ነው። ግን ያመጣችውን ሐሳብ ስሚው፦ ለአባቷ የመጦሪያ ቤት፣ ለእኔ ደግሞ ከዚያ በመኪና ሃያ ደቂቃ የሚርቅ አንዲት ክፍል። አርባ ስምንት ዓመት አብሮኝ የተኛ ሰው ጋ እንደ ጠያቂ ልመላለስ!

«እማዬ፣ ቤቱ አይሆናችሁም» አለችኝ።

«ቤቱ ምን አደረገ? ያጠፋው መግቢያው ነው» አልኳት።

ሬይኖ ትከሻው እንደታሰረ «የወደቅኩ እኔ፣ የተሰበርኩ እኔ፣ የሚሸጠው ቤቱ! ይኼ ምን ዓይነት ዳኝነት ነው?» አለ። ደላላዋ ሳቅ አመለጣት። ጆዲ ግን አልሳቀችም። እኔም ለደላላዋ «ኬክሽን ጨርሺና በደህና ግቢ፣ እመቤት» አልኳትና ኮቷን አቀበልኳት። ጆዲ እያለቀሰች ሄደች። እስከ መጪው ሚያዝያ ጊዜ ስጪኝ ብያት ነበር፤ «እሺ፣ አንድ የብርድ ወራት። ከዚያ ወዲያ ግን እንቢ ማለት የለም» ብላ ነው የወጣችው።

መጀመሪያ የጠራሁት ድዌይን የሚባል አስፋልት አንጣፊ ነው። መጣ፣ ከመኪናው በመስኮት አየ፣ «በሁለት ቀን ጥቁር ሐር አስመስለዋለሁ» አለ። አሮጌውን ኮንክሪት ሰባብሮ እላዩ ላይ ሊያፈስበት ነው። «ወደ ታችስ ምን ያህል ትቆፍራለህ?» ብለው ሳቀና ወደ ሬይኖ ዞረ፤ «ጌታዬ፣ እኛ ብንነጋገር አይሻልም?»

«ከሷ ጋር ተነጋገር» አለው ሬይኖ። «እኔ እዚህ ቤት ለጌጥ ነው የተቀመጥኩት።»

ድዌይንን ሸኘሁት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ያው ናቸው፤ ሁሉም ስለ ላዩ ያወራሉ፣ ስለ ሥሩ የሚናገር የለም። ፊት ተቀብቶ የሆድ ቁስል የሚድን ይመስል!

ያኔ ነው ሽማግሌውን አርቪድን ያስታወስኳቸው። ከኛ ሁለት ቤት አልፎ ያሉት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውራጃውን መንገድ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡት፣ አፋቸው ጨካኝ የሆነው ሰውዬ። መጡና የዱላቸውን ጫፍ መግቢያው ዳር ካለው ሣር ውስጥ ሰኩት። ሲያወጡት ጭቃ ይዞ ወጣ። አሸት አሸት አድርገው አሳዩኝ። «ይኼ ዋልካ ነው። ውሃውን እንደ ስስታም ይይዘዋል፤ ውርጭ ሲመጣ ውሃው በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ሲያብጥ የተሸከመውን ያነሳል። ወርቅ ብታነጥፊበት ወርቁን ያነሳልሻል። መንገድ የሚታየው ከላይ ነው፣ የሚሞተው ከታች ነው፣ ገባሽ?» አሉኝ።

ገባኝ። ከዚያ በኋላ የክርክራችን ብዛት! ጠጠር ብቻ እንዳናደርገው የዊልቸሩ ጎማ ይሰምጣል፤ በረዶ ስንጠርግም ጠጠሩ አብሮ ሣሩ ላይ ይበተናል። ኮንክሪት እንዳንል ጨው ይልጠዋል፣ አንዴ ከተነሳ ደግሞ በመዶሻ እንጂ በምንም አይመለስም። አንቺ ቀደም ባለው ደብዳቤሽ ያነሳሽው የኧርኒ ወዳጅ ምክር፣ ከሥሩ የሚሞቅ ሽቦ መቅበር የሚባለው፣ ለሀብታም ደግ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ማዕበል በመጣ ቁጥር መብራት ይጠፋል፣ ሙቀቱ የሚያስፈልገንም ያኔውኑ ነው። አርቪድ አስፋልት ይሻላል ብለው ድርቅ አሉ። ጥቁር ስለሆነ ፀሐይ ይስባል፣ በረዶው ቶሎ ይለቃል፣ ሲያብጥም ተጣጥፎ ይችላል እንጂ እንደ ኮንክሪት አይፈነዳም አሉ። እውነታቸውን ነው።

እኔ ግን አሻፈረኝ አልኩ። የመረጥኩት እንደ ኮብልስቶን አንድ በአንድ የሚደረደረውን የሲሚንቶ ንጣፍ ነው፤ ጎማ እንዳያንገጫግጭ ጠርዙ ሳይሸረፍ እኩል የሚገጥመውን።

«ሴትዮ፣ እኔ አርባ ዓመት መንገድ ሠርቻለሁ!» አሉኝ አርቪድ።

«ሰባት ሰው ይዘው ነዋ የሠሩት» አልኳቸው። «አስፋልት ቢነሳብኝ ድዌይንን ደጅ ልጠና ነው። ይኼኛው ቢነሳብኝ በገዛ እጄ ነቅዬ፣ አስተካክዬ እመልሰዋለሁ። እኔ የማይበላሽ አልፈለግሁም፤ እኔው የምጠግነውን ነው የፈለግሁት።»

ጢማቸውን እያሹ የመግቢያውን ርዝመት በዱላቸው ለኩ። በመጨረሻ «ከአስፋልቱም የባሰ ቁፋሮ ይፈልጋል» አሉ። «ታዲያ ማን ከለከለዎት?» አልኳቸው።

በነሐሴ ትንሽ ኤክስካቫተር ተውሰው መጡ። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ሲወጡ ሁለት እጄን አጣምሬ እንደ እርካብ ያዝኩላቸው፤ መሪውን ሲጨብጡ ግን የሃምሳ ዓመት ሰው ሆኑ። የአባባን ኮንክሪት ሲሰብሩት፣ እትዬ፣ ዞር ብዬ ትንሽ አለቀስኩ። እስከ ጭኔ አጋማሽ ድረስ ቆፈሩት።

ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ። አሥራ አንድ ቀን ዘነበ። ጉድጓዱ ሞላ፣ ዳክዬ መጥቶ አረፈበት። ሱቅ ስሄድ ገንዘብ ተቀባዩ «ሳይማ፣ ዓሣው መቼ ይደርሳል?» ይለኛል፤ «ላንተ አልሸጥም፣ አንተን በነፃ ነው የማሰምጥህ» እለዋለሁ። ሳቄ ግን ከጥርስ አላለፈም። ጎረቤት የጉድጓዱን ፎቶ ለጆዲ ልኮላት ኖሮ ደወለች፤ «እማዬ፣ አብደሻል? አባዬን ጭቃ መሃል አስረሽው!» አለችኝ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ያንቺ ደብዳቤ የደረሰው በዚያው ቀን ነው፤ ኩርፊያዬ ለምን እንደጠና አሁን ይገባሻል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ቀን እጅ ልሰጥ ነበር። ሬይኖ ነው ያስነሳኝ። መስኮት ሥር ተቀምጦ ውሃውን ሲያይ ዋለና «ውሃው መሄጃ አጥቶ ነው እንጂ ጠልቶን አይደለም። መንገድ ስጡት» አለ።

አርቪድም ያሉት ይህንኑ ነው። ጎን ጎኑን ቀዳዳ ያለው ቱቦ ቀብረው አፉን ወደ መንገዱ ዳር ቦይ አወጡት። ከታች ውሃ የሚያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ፣ እላዩ ላይ የተፈጨ ድንጋይ፣ ስስ ስሱን እየደለደሉና በማሽን እየጠቀጠቁ፣ እንደገና ድንጋይ፣ እንደገና ጥቅጠቃ። ቀጥሎ የዘነበ ዕለት ውሃው በቱቦው አፍ ተንደቅድቆ ወጣ። ሬይኖ ጃንጥላ ይዤለት ያን ሲያይ በደህናው እጁ ጭኑን እየመታ አጨበጨበ።

ንጣፉን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ሰባ ዓመቴ ነው፤ በጉልበቴ ሥር የሶፋ ትራስ አድርጌ፣ ቀን በቀን፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ። ሬይኖ ደግሞ አለቃዬ ሆነ። ሲባጎው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ውሃ ልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ «ወደ ግራ! አንድ ጣት! ያንን አንሺው፣ ሰክሯል!» እያለ ይጮህብኛል። ስትሮኩ ከመታው ወዲህ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስድቡ ራሱ ደስ ይለኝ ነበር ብልሽ ታምኚኛለሽ? የመጨረሻውን ድንጋይ የገጠምኩ ዕለት በረዶ ጣለ።

ብርዱ እንደምታውቂው ነው። የመንገድ ጠራጊው መኪና በየጠዋቱ ተራራ ይከምርብናል፣ እኔ እንዳቅሜ እገፋለሁ። ጨው የሚባል አላስነካሁትም፤ ሲያዳልጥ አሸዋ እበትናለሁ። በየካቲት ብርዱ ግድግዳ ሲያስጮህ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ከሥር ያለውን መሬት አዳምጣለሁ።

በሚያዝያ ጆዲ በቃሏ መጣች። መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ በእግሯ ገባች፤ እንደ ዳኛ፣ ዓይኗን መሬት ተክላ። ጋራዡ በር አጠገብ ቆመች። «ይኸው! ተነስቷል!» አለች።

እውነቷን ነው፤ ትልቅ ትሪ የሚያክል ቦታ አንድ ጣት ያህል አብጧል። እኔም ከሷ ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ ከላይ ያለው አሸንዳ እያንጠባጠበ ውሃ ያጠጣው ቦታ ነው። ሁለት ጠፍጣፋ ብሎን መፍቻ ይዤ ወጣሁ፣ ተንበረከክሁ፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ነቀልኳቸው፣ አሸዋውን ጠረግሁ፣ ደለደልኩ፣ ውሃ ልኩን አጋደምኩ፣ መለስኳቸው። ምድጃ ውስጥ የተውኩት ዳቦ እንኳ አልበሰለም ነበር። ጆዲ ቆማ አየችኝ። ሁለት ድንጋይ ሲቀር አጠገቤ ተንበረከከችና አቀበለችኝ።

«እማዬ፣ ይኼ ነው እንዴ በቃ?» አለችኝ።

«ይኼ ነው። በየዓመቱ ቢነሳ በየዓመቱ እመልሰዋለሁ» አልኳት።

ሬይኖ ያን ጊዜ ከበር ወጣ። ማንም አልገፋውም። በደህናው እጁ ጎማውን፣ በደህናው እግሩ መሬቱን እየገፋ እስከ መንገዱ ሄደ፣ ዞረ፣ እያለከለከ ተመለሰ። ጆዲ አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ከዚያ ወደ መኪናዋ ሄደች። ደንግጬ ነበር፤ ልትሄድ መሰለኝ። አስነስታ፣ ቀስ ብላ ንጣፉ ላይ ነድታ ገባችና ጋራዡ ፊት አቆመችው። ስለ ሽያጭ ከዚያ ወዲህ አላነሳችም።

ስለዚህ እትዬ፣ ከመሬት ጋር አይታገሉም ያልሽውን አልቀበልም። ታግዬዋለሁ፤ ደግሞም እታገለዋለሁ። እናርጅ እንጂ ገና አልተሸነፍንም። ባልና ሚስት የሚለየው ሞት ነው እንጂ የተሰነጠቀ ኮንክሪት አይደለም። የኔም ጉልበት አንድ ቀን እንቢ ይላል፣ አውቃለሁ። ያን ቀን እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ ግን ማንም እንዳይነግረኝ።

ኧርኒን ሳሚልኝ፤ የወዳጁን ሽቦ ስለናቅሁ ይቅር ይበለኝ። ለልጅሽ ለካረን፣ ያቺን አዲሷን ሕፃን ከእግሯ እስከ ጭንቅላቷ ሳሚያት በይልኝ፤ ለባሏም ሰላምታዬ ይድረሰው። ፎቅ ላይ ላሉት ለጎረቤትሽ ለወይዘሮ ሊንዳም እንደምን ሰነበቱ በይልኝ። አርቪድ «ለሄልሚ አስፋልት ይሻል ነበር ብለሽ ጻፊላት» ብለውኛል፤ ጽፌልሻለሁ። ሬይኖ ደግሞ ከስምሽ ቀጥሎ ሊጻፍ የማይገባ ሰላምታ ልኮልሻል፤ ስትመጪ በአፉ ይነግርሻል።

እህትሽ ሳይማ

ላውሪየም፣ ሚሺገን
እ.ኤ.አ. ግንቦት 11 ቀን 2019