የእማማ ብርቄ የጎጆ መውጫ ገብስ

ውድ ፍሬው፣

ለሰላምታ ጊዜ የለኝም፤ ተናድጃለሁ። ኢሜይልህን አነበብኩት። «የኔዬ፣ የእማማ ብርቄን ገብስ ናሙና ቶሎ ላኪልን፤ ርብቃ እየጠበቀች ነው» ትላለህ። ላኪልን! ድሮ «እኛ» ስትል አንተና እኔ ነበርን። አሁን አንተና ርብቃ ሆናችሁ አረፋችሁት።

የምርምር ማዕከላችን ከውጭ አገሩ ተቋም ጋር የአየር ንብረት ለውጥን አብሮ ለማጥናት ሲፈራረም ካንተ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ዝናቡ ሲከዳው የሚዘራው ነገር ይገኝለታል ብዬ ነው። አንተን ወስዶ ከአዲስ አበባ ከመጣች ልጅ ጋር አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደሚያስቀምጥብኝ ማን ነገረኝ? የላካችሁትን የቡድን ፎቶ አይቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ካሜራውን ያያል፣ እሷ አንተን ታያለች። ኮትህም አዲስ ነው። ማን መረጠልህ? ተወው፣ አትንገረኝ።

ያቺን ቀን ረሳሃት እንዴ? ከወገዳ ወዲያ መኪናችን ጭቃ ይዞት፣ መጠይቃችንን ታቅፈን በእግራችን እማማ ብርቄ ቤት የገባን ቀን። እኛ «ዝናቡ ድሮ መቼ ይገባ ነበር? አሁንስ?» እያልን እንጠይቃለን፤ እሳቸው ግን የሚያዩት አንተ የጫማዬን ጭቃ ስትጠርግልኝ ነው። ስንወጣ ቀድሞ የሚደርሰውን ገብሳቸውን በቅል ሞልተው ሰጡኝ።

«ለጎጆ መውጫችሁ ይሁን። ይኼን ዘር ለባዳ ሰጥቼው አላውቅም፤ አብራችሁ ዝሩት» አሉን።

ባልና ሚስት መስለናቸው ነው። እኔ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። አንተ ግን «አሜን፣ እማማ» አልክ። ሳትስቅ! ከዚያ በኋላ አንዳች ነገር ትለኛለህ ብዬ መንገዱን ሙሉ ስጠብቅ፣ ስለ መኪናው ጎማ ስታወራ ደረስን። እስካሁንም እየጠበቅኩ ነው።

ዘንድሮ ዝናቡ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቀጥ ሲል ከሙከራ ማሳችን ፍሬ የያዘው ያ ገብስ ብቻ ነው። ሁለቱም ተቋማት ዓይናቸውን የጣሉበት ለዚሁ ነው። ስምምነታችሁ ደግሞ ዘሩን የሰጠው ገበሬ ካልፈቀደ አይላክም ይላል። ስለዚህ ወገዳ ሄጄ እማማ ብርቄን ገበያ ላይ አገኘኋቸው።

«ባልሽስ?» አሉኝ፣ ገና ሳይስሙኝ።

«ውጭ አገር ነው፣ እማማ። የሰጡንን ገብስ ሊያጠኑት ይፈልጋሉ።»

«እነማን?»

«እሱና… የሥራ ባልደረባው።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ሴት ናት?»

«አዎ።»

«ኧረ ወዲያ! የጎጆሽን ዘር ለሌላ ሴት ልታስረክቢ? አንቺ ሞኝ! ከፈለገ ባልሽ ራሱ ይምጣና ካንቺ ጎን ቁጭ ብሎ ይጠይቀኝ።»

«ባሌ አይደለም» ብዬ ነገሩን ባስረዳቸው ምናልባት ይፈቅዱ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስም ብሎኛል። ከኔ ጋር ሆኖ በርብቃ የሚቀና አንድ ሰው አገኘሁ።

ደስታዬ ግን ወደ አርብ ገበያ ከተማ እስክመለስ እንኳ አልቆየም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ማሳ ፍሬ ሳይዝ ደርቋል። ይህ ገብስ ተጠንቶ ካልተባዛ ለሚመጣው ክረምት ለማንም አይደርስም። በኔ ቅናት የሰው ልጅ ይራብ አልልም። ያላስፈቀድኩትን ዘር ግን አልልክም።

ስለዚህ ና። ርብቃንም ከፈለግህ ይዘሃት ና፤ ጭቃችንን ትየው። እማማ ብርቄ ፊት እንቀመጥና ዘሩን አንተው ጠይቃቸው። እሳቸው አስቀድመው ምን እንደሚጠይቁህ ታውቃለህ። ያን ቀን «አሜን» ያልከው አንተ ነህ፤ «ባሏ አይደለሁም» የምትልም ከሆነ አንተው በላቸው። እኔ ቅሉን ታቅፌ ከጎንህ ሆኜ እሰማለሁ።

ቅናቷ ያልበረደላት፣
የኔነሽ
አርብ ገበያ