ቀኑን የሚቀይረው ሰው

ለውዷ እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ሻል አለሽ? እማዬ፣ አባዬ፣ ልጆችሽ፣ የግቢው ሰው ሁሉ ደህና ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ፤ ናፍቆታችሁ ግን አብሮኝ ውሎ አብሮኝ ያድራል። ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ምነው ደከመ ስትይኝ ጉንፋን ነው ብዬሽ ነበር። ጉንፋን አልነበረም።

ጋሽ ማለዳ ስለምንለው የሥራ ባልደረባዬ ነግሬሽ አላውቅ ይሆናል። ሥራ ስገባ እጄን ይዞ ከሰው ያስተዋወቀኝ፣ ምሳውን የሚያካፍለኝ እሱ ነው። ስሙን ያወጣንለት ከሁላችን ቀድሞ ስለሚገባ ነው። መድኃኒት አከፋፋዩ መሥሪያ ቤታችን የየቅርንጫፉን የትናንት ሽያጭ መረጃው ሁሉ ከሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ የሚያመጣው በኢንተርኔት በሚላክ ጥያቄ ነው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያለውን ላክልኝ እንደማለት። ቀኑ ግን ጥያቄው ውስጥ በእጅ የተጻፈ ነበር። ስለዚህ ጋሽ ማለዳ በየጠዋቱ ቀኑን ይቀይራል፣ ሪፖርቱን ያወጣል፣ ለአለቆች ይልካል። አንድ ቀን ከቀረ ቢሮው በአሮጌ ቁጥር ሲጨቃጨቅ ይውላል።

ታዲያ ባለቤቱ ታመመችበት። ሕክምናዋ ጠዋት ጠዋት ነው፤ ሁለት ቦታ መሆን አቃተኝ ሲለኝ አንጀቴን በላው። ታውቂኝ የለ፣ እጄ አያርፍም። ኮምፒውተሩ የዕለቱን ቀን ራሱ አይቶ፣ አንድ ቀን ቀንሶ ጥያቄው ውስጥ እንዲያስገባ ላድርግልህ አልኩት። መጀመሪያ ባዶ ሰንጠረዥ መጣብኝ፤ ለካ ሰርቨሩ ቀን ሲጻፍ ዓመቱ እንዲቀድም ይፈልጋል፣ እኔ ቀኑን አስቀድሜያለሁ። አስተካከልኩት። ሰኞ ሰኞ ግን የቅዳሜም የእሑድም አብሮ እንደሚጠየቅ የነገረኝ ራሱ ጋሽ ማለዳ ነው፤ እሱንም አስገባሁ። ሲሳካ ግንባሬን ሳመኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ባለቤቱን እያደረሰ አርፍዶ ይገባ ጀመር።

ነገሩ ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ደረሰ። ጠርቶ አመሰገነኝ፣ ደመወዝሽ ይታሰብበታል አለኝ፣ ቀጥሎም፣ “እና ሰውዬው አሁን ምን ይሠራል?” ብሎ ጠየቀኝ። የተሳሳተ ቁጥር በዓይኑ የሚለየው እሱ ነው፣ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው ብዬ ለመንኩት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በወሩ መጨረሻ አሰናበቱት።

ትናንት ጠዋት ዕቃውን ሊወስድ መጣ። ዓይኑን ማየት ፈርቼ ኪቦርዱ ላይ አቀረቀርኩ። አጠገቤ መጥቶ፣ “እስቲ አሳዪኝ፣ ጠዋት ብቻውን ሲያወጣው አይቼ አላውቅም” አለ። አሳየሁት። ቀኑ ራሱ ገባ፣ ሪፖርቱ ወጣ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ አየና፣ “ይችን ታህል ነበረች እንዴ?” አለኝ። ትከሻዬን ነካ አድርጎ ሄደ።

እታለም፣ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የሌላውንም ክፍል ሥራ እንዲሁ አድርጊ ብሎኛል። ሙያዬን እወደዋለሁ፣ ገና ብዙ መሥራት እመኛለሁ፤ ግን ከዚያ ክፍል ሰዎች ጋር ሰላም ስንባባል ምላሴ ይተሳሰርብኛል። እስቲ ምከሪኝ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ንከሺልኝ። ለእማዬ ይህን አታንብቢላት። ሥራዋ ሰምሮላታል በያት፤ እሱም ቢሆን ውሸት አይደለም።

ታናሽሽ
ከተከራየኋት ክፍል፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት ፫