አልጋ ደጅ ሲወጣ

ቆቦ፣ ሰኔ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ብርዱን ቻለው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከሙቀቱ በቀር የበዛብኝ ነገር የለም።

በስልክ ያልመለስኩልሽን በወረቀት የምመልስልሽ ንቄሽ አይደለም። ቤት ገብቼ እንዳላወራሽ የቆርቆሮው ጣሪያ ያበስለኛል። ደጅ ወጥቼ እንዳላወራሽ ግቢው ሁሉ ጆሮ ነው። ባለፈው "ዝውውሩን ተቀበይ" ብለሽ ስትቆጪኝ፣ ባጃጅ ነጂው ጎረቤቴ በድረዲን ከባጃጁ ሥር ሆኖ "እንዳትሄጂ!" ብሎ ቀድሞኝ መለሰልሽ። አልሰማሽውም እንጂ።

አጎቴ ዳምጤ እዚያ ደላንታ፣ አንቺው አጠገብ፣ የማስተማሪያ ቦታ ሊያገኝልኝ ስንት ደጅ እንደጠና አውቃለሁ። እግዜር ይስጠው። ግን አልመጣም። ይኸው ተናገርኩት።

እውነትሽን ነው፣ የዚህ አገር ፀሐይ ለሰው አታዝንም። ገና በአራት ሰዓት ጠመኔው ላቤን ጠጥቶ አልጽፍ ይላል። አንድ ዴስክ ላይ አራት ተማሪ ተጣብቆ ይቀመጣል፤ አንዱ ካዛጋ አራቱም ያዛጋሉ። የጠዋት ወጥ ሳይበላሽ ለማታ አይደርስም። ለግቢው ሁሉ ያለው አንድ ቧንቧ ነው፤ በጀሪካን ወረፋ ያልተጣላሁት ሰው የለም። ሽንት ቤቱም በወረፋ ስለሆነ ማን ሆዱን እንዳመመው ሁላችንም እናውቃለን። ፊቴም ጠቁሯል። "እንዲህ ከስለሽ ማን ያይሻል" ብለሽኝ ነበር፤ የሚያየኝ አልጠፋም።

አምና ግንቦት መጥተሽ አልጋ ሁሉ ደጅ ወጥቶ፣ አጎበሩ በእንጨት ተወጥሮ፣ ሰዉ ጎን ለጎን ተኝቶ ስታዪ "ይሄ ቤት ነው ወይስ በረት!" ብለሽ በማግስቱ ሸሸሽ። ያኔ አፍሬ ነበር። አሁን አላፍርም። እዚህ ደጅ ማደር ነውር አይደለም። አንዱ ሲያስል ሌላው ውሃ ይዞለት ይነሳል።

ያን ጊዜ ዘንቢልሽን መናኸሪያ ድረስ የተሸከመልሽ ልጅ ትዝ ይልሻል? "የማን ልጅ ነው፣ አስተዳደጉ ያስቀናል" ያልሽው? አላምረው ይባላል። የመስኖ ፓምፕ ይጠግናል፤ ጎብዬና ዋጃ ሲመላለስ ይውላል። አልጋው ከኔ አልጋ አጠገብ ነበር። ዘንድሮ ሙቀቱ ገብቶ አልጋ ሲወጣ፣ አከራያችን እትዬ ዘሊካ ወገባቸውን ይዘው ቆሙና "ወላሂ ቦታ አጣሁ! የእናንተን ሁለት አልጋ አንድ አድርጉትና ግቢውን አስፉልኝ" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እሱም አልሳቀም። እትዬ ዘሊካም ነገሩ ገባቸውና የግቢውን ትልልቅ ሰዎች ሰብስበው አስመርቀው አጋቡን። ያቺን ጠባብ አልጋዬን ሸጥኳት።

እሱ "እናትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ" እያለ ይጨቀጭቀኛል። ከልካይዋ እኔ ነኝ። ሽማግሌ ከመጣ እሺ ወይም እንቢ ማለትሽ አይቀርም፤ እኔ ደግሞ እንቢ ብትዪ የምተወው ነገር የለኝም። ብትቆጪኝ እችለዋለሁ። ብትረግሚኝ ግን አልችልም፤ አትርገሚኝ።

ሰሞኑን እትዬ ዘሊካ ጀሪካን እንዳነሳ አይፈቅዱልኝም። እነዚያ የተጣላኋቸው ሁሉ "አንቺ ቅደሚ፣ አትቁሚ" ይሉኛል። ማን ነገራቸው? እኔ ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚህ ምን ይደበቃል! የሚያንገበግበኝ አንቺ ከነሱ ኋላ መስማትሽ ብቻ ነው።

ኅዳር ላይ ነይ። ያኔ ፀሐይዋም ትበርዳለች፣ አልጋውም ቤት ይገባል። ስትመጪ የጓሮሽን ገብስ አስፈጭተሽ የገንፎ ዱቄት ያዢልኝ። እዚህ ያለው ማሽላ ነው። አላምረው "ከገበያ እገዛልሻለሁ" ይላል፤ እኔ ያንቺን እጅ ነው የምፈልገው። ቅቤውን እትዬ ዘሊካ ካሁኑ አስቀምጠዋል።

እመቤቴ ጉልበትሽን ታጽናልሽ፤ ዳገቱን የምትወርጂበት፣ አቅፈሽ የምትስሚበት ዕድሜ ትስጥሽ።

አልመጣም ያለችሽ፣ ነይ የምትልሽ
ልጅሽ