ትንሿ ዓሣ ትሰማ ይሆን

ካልካታ፤ ሰኞ፣ ማግ 7

የማግ ወር ብርድ ዛሬም አልለቀቀም። በጨው ውሃ ተጉመጥምጬ ወደ ራዲዮ ጣቢያ ሄድኩ። ያው ክፍል… ግድግዳው በብርድ ልብስ የታፈነ፣ አየር የማይገባበት። ውጭ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ እኛ ውስጥ በላብ እንጠመቃለን። ራዲዮ ከመጣ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ሰው ግን ከአያቱ የወረሰው ይመስል ድምፅ ሲቆራረጥበት ይሳደባል።

ኪሮን ዘፍና ስትወጣ እኔ ገባሁ። የማሰራጫ መሣሪያውን የሚቆጣጠረው አኑኩል ጣቱን አነሳ፣ ጀመርኩ። የዚህ ሳምንት የልጆች ተረት ባሕር ፍለጋ ስለወጣች ትንሽ ዓሣና አብሯት ስለሚጓዝ ሸርጣን ነው። ዓሣዋን ፑቲ አልኳት። በእኛ አገር ፑቲ የማይባል ትንሽ ዓሣ የት አለ? የልጄ ስም መሆኑን ማንም አይጠረጥርም።

የኔዋ ፑቲ ግን ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናቲቱ አባት ቤት ነው። የባሏ ቤተሰቦች፣ እነ ራይ፣ ግን አልላኩልኝም። እናቷ የለችም፣ እኔ ደግሞ ከአዝማሪ ሴቶች ጋር ተቀምጬ በደመወዝ የማወራ ሰው ነኝ… ለራይ ቤተሰብ ነውር። ባለፈው ወር ጣፋጭ ይዤ ብሄድ አማቷ ከበረንዳ አላሳለፈችኝም። ጣፋጩን ግን ተቀበለች።

ነውር የሆንኩበትን የራዲዮ ሣጥን ገዝተውታል ደግሞ። የቤታቸው ሠራተኛ ማኖዳ ዓሣ ገበያ አግኝታኝ ነው የነገረችኝ። የጆሮ ማዳመጫውን የናስ ሳህን ውስጥ ያስቀምጡታል አሉ፣ ድምፁ ጎልቶ ለሁሉም እንዲሰማ። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ።

ፑቲስ እዚያ ትቀመጥ ይሆን?

ማክሰኞ፣ ማግ 8

ተረቱ መሃል ቁራ ብርድ ልብስ ከጋረደው መስኮት ውጭ መጥቶ ጮኸ። ዓሣዋን ሊበላ የመጣ ቁራ ነው ብዬ አስገባሁት። አኑኩል ሳቁን ለማፈን መሃረብ ነከሰ።

ስወጣ ኪሮን በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ ኒባሮን፣ ያቺ ዓሣ ልጅህ ናት አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል፤ ስሟን ስትጠራ ድምፅህ ይለሰልሳል። ሸርጣኑ ጋ ስትደርስ ደግሞ ያው ነጭናጫው አንተ ነህ።»

ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ማግ 9

ማኖዳ መጣች! የሚታኘክ ቅጠል ልትገዛ ገበያ ተልካ፣ መንገዷን አዙራ።

«ትሰማለች ጋሼ። ሸርጣኑ ዓሣዋን ‹ሹራብሽን ልበሺ› ብሎ ሲቆጣት፣ ‹አባዬ ነው፣ ራሱን ነው ያስገባው› ብላ እስክታለቅስ ሳቀች።»

«አማቷስ?»

«እትዬማ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ግን አልተነሳችም፣ እስኪያልቅ ቁጭ።»

ከዚያ የምትሄድ መስላ ተመለሰች። «ረስቼው… ‹አባዬን ዓሣዋን እንዳይገድላት በይው› ብላለች።»

ሕፃን ሆናም እንዲሁ ነበረች። ተረት ልጀምር ስል መጀመሪያ ማንንም እንዳልገድል ታስምለኛለች። አሁን የሃያ ዓመት ሴት፣ ልትወልድ ቀን የቀራት… ያው ናት። ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ እራቴን ጠግቤ በላሁ።

ሐሙስ፣ ማግ 10

ጠዋት ወለደች። ሴት ናት። ፑቲ ትኩሳት ይዟታል።

ሮጥኩ። ግቢያቸው ውስጥ ከላሞቹ በረት አጠገብ ባለችው የአራስ ጎጆ አስተኝተዋታል። እዚያ ከአዋላጅ በቀር ማንም አይገባም። የገባ ይረክሳል፤ የገባ ዕቃም ተመልሶ ቤት አይገባም። ይህን ማን አጣው? ፑቲ ስትወለድ እናቷም እንዲህ ነው የተኛችው፣ እኔም በር ላይ ቆሜ ነው ያደርኩት። ያኔ ትክክል መስሎኝ ነበር።

አማቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«ድምፄን እንኳ ትስማ» አልኳት። «ማዳመጫውን ያስገቡላት፣ እባክዎ።»

«ዕቃ ከገባ አይወጣም፣ ያውቃሉ።»

«አዲስ እገዛለሁ።»

«የመግዛት ጉዳይ አይደለም።»

ድምፅዋን ከፍም ዝቅም አላደረገች። በሕይወቴ ሰው እንደዚህ ጠልቼ አላውቅም።

ማታ ማይክሮፎኑ ፊት ስቀመጥ ያሰብኩት ሁሉ ጠፋኝ። ዓሣዋ መረብ ውስጥ ገባች አልኩና… እዚያው ተውኳት። «ነገ እንቀጥላለን።» መቀጠል አቃተኝ።

ዓርብ፣ ማግ 11

ማኖዳ እኩለ ቀን ላይ እያለከለከች መጣች። ትናንት የሰማችውን ተረት ከጎጆው ውጭ ቆማ በግድግዳው ነግራታለች።

«መረብ ውስጥ ገባች ስላት ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ትኩሳቷም ጨመረ። ሌሊቱን ሙሉ ‹ዓሣዋ ወጣች? ወጣች ወይ?› ስትል ነው ያደረችው። ምነው ጋሼ፣ እሷን ታውቃት የለ?»

ምን ነካኝ? እያስማለችኝ… ምን ነካኝ?

«ዛሬ ትወጣለች። ማኖዳ፣ አንድ ቃል እንዳያመልጥሽ። እንዳለቀ ሮጠሽ ንገሪያት።»

ማታ አኑኩል ጣቱን ሲያነሳ ቀድሞም አፌን ከፍቻለሁ። መረቡን ሸርጣኑ ቆረጠው። ዓሣዋ ወንዙን ወረደች፣ ጀልባዎቹን አለፈች፣ ውሃው ጨው ጨው አላት። «ደረሰች» አልኩ። «ፑቲ ደረሰች።» ቸኩዬ ነበር፣ ገና ሰዓት ተረፈኝ። አኑኩል በእጁ «ቀጥል፣ ቀጥል» ይለኛል። ምን ልቀጥል? ልጄን እናቷ ስታስተኛት የምታንጎራጉረውን ዜማ ጀመርኩ። እኔ! ድምፄ የተቀደደ ከበሮ ነው። ተራዋን የምትጠብቀው ኪሮን ቀስ ብላ መጥታ ከታች በታች ያዘችልኝ። ከጎኔ ባትሆን አልጨርሰውም ነበር።

ቅዳሜ፣ ማግ 12

ፑቲ ሞተች። ትናንት ማታ።

ማኖዳ ደጄ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። «ነገርሻት?» አልኳት።

«አልሰማሁም ጋሼ። ልክ ሊጀመር ሲል እትዬ ‹ሂጂ ሐኪሙን ጥሪ› ብላ አባረረችኝ። ይዤው ስመለስ ተረቱ አልቆ ነበር።»

እንግዲህ መረብ ውስጥ እንዳለች ነው የሄደችብኝ።

እሑድ፣ ማግ 13

ትናንትናውኑ፣ እንደ ወጋችን፣ ወንዙ ዳር አቃጠልናት። እሳቱን ባሏ ለኮሰ፤ ልጅ ነው ገና። አንድ ነገር ሊነግረኝ ቀረብ አለ። ፊቴን አዞርኩበት።

ሐዘን ላይ ስለሆንኩ ጣቢያ አልሄድም። በእኔ ሰዓት ኪሮን ትዘፍናለች አሉ። አልሰማሁም።

ረቡዕ፣ ማግ 16

ማኖዳ መጣች። በጆንያ የተጠቀለለ ነገር በዱላ ጫፍ አንጠልጥላ፣ ከልብሷ አርቃ። ደፉ ላይ አስቀመጠችው።

«እትዬ ናት የላከችው። ‹ይኼ ከቤት አይገባም። ወይ ወንዝ ይጣል ወይ ለአባቷ ይሰጥ› አለች።»

ፈታሁት። ማዳመጫው ነው። ጥቁሩ፣ በገመድ የተጠቀለለው… የሳሎናቸው ማዳመጫ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ማኖዳን አየኋት።

«እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት ጋሼ። ዓርብ ማታ ባልየው ሽቦ ቀጥሎ፣ በመስኮት አውጥቶ፣ ግቢውን አሻግሮ ከጎጆዋ በር አደረሰላት። ወንድ መግባት አይችል። አዋላጇም ‹እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልነካም› አለች። እትዬ መቁጠሪያዋን አስቀመጠችና ራሷ ገባች። እስኪያልቅ ድረስ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። ከዚያ በዚያ ብርድ ኩሬ ገብታ ታጠበች፣ ይኸው እስካሁን ትስላለች። እኔን ያባረረችኝም እንዳላያት ነው መሰለኝ።»

«ሰማች?»

«ሰማች። እትዬ ‹ዓሣዋ ደርሳለች፣ ሰምታለች በይው› ብላለች።» ማኖዳ በሳሪዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። «ዘፈኑንም ሰምታለች። ‹እማማ፣ አባዬ እኮ ነው የሚዘፍነው… እንዴት ያስጠላል› ብላ ሳቀች አለች።»

ደፉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። የልጄ ባል ወንዙ ዳር ሊነግረኝ የመጣው ይህንን ነበር።

ማኖዳ ልትሄድ ስትነሳ ሌላ መልእክት ነበራት። የሕፃኗ የመንጻት ቀን ሲሞላ እንድመጣ። «‹አሁን የልጅ ልጅ አለው። ቤታችን ውሃ መጠጣት ይችላል› ብላለች።» ፑቲ ከተዳረች ጀምሮ በዚያ ግቢ አንድ ጉንጭ ውሃ ቀምሼ አላውቅም፤ የልጅ ልጅ ሳይወለድ ለሙሽራ አባት ወጉ አይፈቅድም።

ማዳመጫውን ቤት አስገባሁት። ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ምንም አይልም፣ ከምንም ጋር አልተያያዘም። ቢሆንም ብዙ ቆየሁ።

ነገ ወደ ሥራ እመለሳለሁ። ልጆች ሸርጣኑስ የት ደረሰ እያሉ ይጠይቃሉ አሉ፤ እሱም ወንዙን ይወርዳል እንግዲህ። የራይ ቤት ሣጥን ግን ማዳመጫ የለውም፣ እዚያ ማንም አይሰማኝም። ለልጅቷ ራሴ ሄጄ በአፌ እነግራታለሁ። አያቷም እየሳለች ትሰማለች።