የሜላት አሜን

ጥርባ፣ ነሐሴ ፳፯ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለትርሲት፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባለቤትሽ ጸጋአብስ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ዘንድሮ አላባራ ብሏል፤ ድንቹ ግን ሸጋ ነው። መንገዱ ሰላም ነው ስለተባለ ወንድምሽ ጎሹ ነገ ሜላትን ይዞልሽ ወደ አዳማ ይነሣል። ይህን ወረቀት በልጅሽ ቦርሳ ከትቼዋለሁ። በስልክማ ኔትወርኩ ቢተወኝ አንቺ አታስጨርሺኝም።

ክረምቱ ሲገባ ስትልኪያት ያልሽኝን አልረሳሁም። «እማ፣ አዊኛ እንዳታስተምሪያት። ዳንግላ ስማር በአማርኛዬ የሳቁብኝ ይበቃል» አልሽ። አንጀቴን በላሽውና እሺ አልኩሽ፤ በአማርኛ ብቻ አወራኋት። አያትሽ ግን እንደምታውቂው ከአዊኛ ሌላ አይሰሙም።

በመጣች በማግሥቱ ሊመርቋት ተነሡ። ልጅቱ ግራ ገብቷት ታየኛለች። «አይዞሽ፣ እሳቸው ሲናገሩ አንቺ አሜን በይ» አልኳት፤ ምርቃት ተቀባይ አጥቶ መሬት እንዳይወድቅ ብዬ። እሷ ደግሞ የነገሯትን አትረሳም። ከዚያ ወዲህ አያትሽ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር አሜን ሆነ። ውሃ አምጪልኝ ሲሏት አሜን። ዶሮዋን ሲረግሙ አሜን! እኛ በሳቅ ሞትን። እሳቸው ግን «ይህች የተባረከች» እያሉ ከጎናቸው አላስነሣ አሏት።

ባለፈው ቅዳሜ ከጥሊሊ ገበያ ስመለስ እጇን ይዘው «እስክሞት ድረስ እኔ ዘንድ ትቀመጫለሽ?» ሲሏት ደረስኩ። «አሜን» አለች። የአያትሽ እንባ ዱብ ዱብ አለ። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ያገኙትን ሁሉ «ሜላት እኔ ጋ ልትቀር ነው» ሲሉ ዋሉ።

ሰውነታቸው ደክሟል፣ ትርሲት። እውነቱን ልንገራቸው ብል አልደፈርኩም። ሲጨንቀኝ ለልጅቱ ምን ብላ ቃል እንደገባች ነገርኳት። ቅጭም አለች። «እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። እሄዳለሁ፣ ግን ተመልሼ እመጣለሁ፤ በእሳቸው ቋንቋ እንዴት ነው የሚባለው?» አለችኝ።

ምን ላድርግ? ትእዛዝሽን አፈረስኩ። ድንች ስንቆፍር እሷ እየደጋገመችው ዋለች። አመሻሽ ላይ አያትሽ እግር ሥር ቁጭ አለችና በአዊኛ፣ «እሄዳለሁ፤ ለጥር የፈረስ በዓል እናቴን ይዤ እመጣለሁ» አለቻቸው።

አያትሽ ትክ ብለው አዩዋት። የተቆጡ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና «አሜን» አሉ። ዛሬ ስንቋን ያሰናዱላት ራሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ሜላት የጠየቀችኝ «ተመልሼ እመጣለሁ» የሚለውን ብቻ ነበር። «ለጥር የፈረስ በዓል እናቴን ይዤ» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ እሷ እስካሁን አታውቅም። ከመጣሽ እኮ አራተኛ ክረምትሽ ነው።

በይ እንግዲህ፣ ቤትሽ ጤና ይሁን፤ የጸጋአብ እጅ ይባረክ፤ ልጅሽን በሁለቱም ቋንቋ የምትሰማና የምትደመጥ ያድርግልሽ። ለበዓሉ ፈረሶቹ ቆሰበር ሜዳ ሲወጡ በዓይንሽ ለማየት ያብቃሽ። አንቺም አሜን በይ።

እናትሽ እንቁ