ንግሥታችንን መሥዋዕት አድርገን መልስ ስንጠብቅ

ለ«ንጉሥ ዘብ» የቼዝና የአእምሮ ጨዋታዎች መጽሔት ዋና አዘጋጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የባልደረቦችዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ማተሚያ ቤት ከመመላለስ፣ ጥቅል ከማሰርና ወደ ክፍለ ሀገር አውቶቡስ ከመጫን ስለተገላገላችሁ ወገባችሁ እንደተሻለው አምናለሁ። እኛም ያንን ጥቅል ከሲቀላ መናኸሪያ ለዓመታት ስንቀበል የኖርን የአርባ ምንጭ አንባቢዎችዎ፣ የምንቀበለው ነገር ስለሌለ ዐርፈናል። ስለ ዕረፍቱ እናመሰግናለን።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዳወጣ ያስገደደኝ ባለፈው ሰኔ በድረ ገጽዎ ላይ ያሰፈሩት መግለጫ ነው። መጽሔቱ በመስከረም 2005 ከወረቀት ወደ ኢንተርኔት ከተዛወረ ወዲህ «ተጫዋቾች ለኦንላይን ጽሑፍ የመክፈል ባህል እንደሌላቸው በጥናት ተረጋግጧል» ብለዋል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ተረጋገጠ የተባለ ነገር ሳይ ማረጋገጫውን ካላየሁ ምግብ አይስማማኝም። ጥናቱን ፈልጌ አነበብኩት። መጠይቁ የተሰራጨው በዚያው ድረ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ደጅ የቀረውን ሰው፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈው፣ «ያልገባህበትን ምክንያት ገብተህ አስረዳ» ማለትዎ ነው። ተማሪዬ ቢሆኑ ኖሮ ለድፍረትዎ ጥቂት ነጥብ እሰጥዎት ነበር።

ለሚቀጥለው ጥናትዎ ይረዳ ዘንድ፣ በእኛ በኩል የሆነውን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አንባቢዎችዎ ብዛት። ወደ አርባ ምንጭ የሚላከው ቅጂ ጥቂት ስለነበር አንባቢውም ጥቂት መስሎዎት ይሆናል። ወይዘሮ ማሚቱ ግን መናኸሪያው አጠገብ ባለችው መደብራቸው መጽሔትዎን ከመሸጥ ይልቅ ያከራዩት ነበር። ሰው ሳንቲሙን ይከፍላል፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያነባል፤ ሲጨርስ ለተረኛው ያስረክባል። እንቆቅልሹን በእስክሪብቶ የፈታ ሰው ለአንድ ወር አግዳሚው ላይ አይቀመጥም። የሲቀላ ሰፈር ሲጠግብ ቅጂው ወደ ላይኛው የከተማችን ሰፈር ወደ ሴቻ ይሻገራል፤ ከዚያ ባልደረባዬ መምህር ጋሻዬ ወደ ጨንቻ ይዘውት ይወጣሉ፤ ሲመለስ ሽፋኑ ወልቆ፣ መሐሉ በጥጥ ክር ተሰፍቶ ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ቀጣዩን ጥቅል የሚገዙት በዚሁ ኪራይ ነበር። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የመክፈል ባህል የሌላቸው ያሏቸው ሰዎች ከእርስዎ ማስታወቂያ ሰጪዎች ቀድመው ከፋይ ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ አከፋፈሉ። ድረ ገጽዎ መጀመሪያ የጠየቀን የውጭ አገር ባንክ ካርድ ነበር። እንዲህ ያለ ካርድ በከተማችን የሚገኘው የጫሞን አዞ ሊያዩ በመጡ ቱሪስቶች ኪስ ውስጥ ስለሆነ፣ እነርሱን ለመለመን አፈርን። ሁለተኛው አማራጭ ገንዘቡን ባንክ አስገብቶ ደረሰኙን አዲስ አበባ ቢሮዎ ድረስ በአካል ማቅረብ ነበር። መንገድ ያስቀራል የተባለውን አገልግሎት ለማግኘት መጀመሪያ መንገዱን መሄድ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ደግነቱ የቼዝ ክበባችን አባል አቶ ሳምሶን ለሥልጠና ወደዚያ ሲሄዱ የክበቡን ክፍያ አድርሰው ተመለሱ። ጸሐፊዎ በፈገግታ እንዳስተናገዷቸውም ነግረውናል። ለፈገግታው ደረሰኝ አልተሰጠንም።

ሦስተኛ፣ አቶ ሳምሶን የይለፍ ቃሉን በትልልቅ ፊደል ጽፈው በወይዘሮ ማሚቱ መደብር ግድግዳ ላይ ለጠፉት። የክበቡ ገንዘብ ስለተከፈለበት የክበቡ ነው ብለን ነበር። በማግስቱ ድረ ገጹ ሲቀላ ካለ ኢንተርኔት ቤት ተከፈተ፤ ሴቻም ተከፈተ፤ መምህር ጋሻዬ ደግሞ ጨንቻ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥተው በስልካቸው ከፈቱት። ማምሻውን «አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ስለታየ» መለያችን ታግዷል ተባልን። አጠራጣሪው እንቅስቃሴ ንባብ ነበር። ደውለን ብንጠይቅ አንድ ክፍያ ለአንድ ሰው መሆኑን በጨዋነት አስረዱን። መጽሔትዎ ወረቀት በነበረ ጊዜ ማን ከማን ተቀብሎ እንዳነበበ ስላልጠየቃችሁን ዘግይተንም ቢሆን እናመሰግናለን።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ዝም እንል ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር ሲዘጋ አይቻለሁ፤ መልመድም ችዬ ነበር። ዝም ያላስባለኝ አራተኛው ነው።

እንደሚያስታውሱት፣ የአርባ ምንጭና የደሴ አንባቢዎች በመጽሔትዎ ገጽ ላይ፣ በወር አንድ አንድ እርምጃ እየላኩ፣ ረጅም ግጥሚያ ይጫወቱ ነበር። በመጨረሻው የወረቀት እትም ላይ የቡድናችን አለቃ አቶ ካሳ ንግሥታችንን መሥዋዕት አደረጉ። አቶ ካሳ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው፤ ማንንም ሳያማክሩ ነበር የላኩት። ክበቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ጥበብ ነው አለ፣ ግማሹ እርጅና ነው አለ። ከጫሞ ዓሣ የሚያመጣው ዲሪባ በሰው ፊት «ጋሼ ካሳ፣ እርስዎ ዓሣ ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ ሐይቁን ከነጀልባው በነፃ ይሰጡ ነበር» አላቸው። እርሳቸው የሚቀጥለው ወር ይፈርዳል ከማለት በቀር አልመለሱም።

የሚቀጥለው ወር አልታተመም። በምትኩ ድረ ገጽዎ አርባ ምንጭ «በጊዜው እርምጃውን ባለማስመዝገቡ» ተሸንፏል ሲል አወጀ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ የቼዝ መጽሔት አዘጋጅ ነዎት። እኛ እርምጃችንን ከላክን ተራው የማን ነው? ተራው የደሴ ነበር። እኛ የተሸነፍነው ተጋጣሚያችን ሲያስብ ነው። እርጅና ነው ያሉት ግን ውጤቱን እንጂ ምክንያቱን አላነበቡም፤ አቶ ካሳም ከዚያ በኋላ በመናኸሪያው በኩል ማለፍ ትተው ነበር።

በመጨረሻው እትም ላይ የደሴዎች የፖስታ ሣጥን ቁጥር ስለነበር፣ እኔ በወረቀት ጻፍኩላቸው። ወረቀቱም፣ ያለ ይለፍ ቃል፣ ደረሰ። አለቃቸው አቶ ተክለወልድ ደወሉልኝ፤ እነርሱም በአንድ መለያ ብዙ ሆነው በመግባታቸው መታገዳቸውን ነገሩኝ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኛ እኮ ንግሥቲቱን ለመብላት ፈርተን ነው የዘገየነው፤ እኒያ ሰውዬ ምን አይተው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያው ቀን ወደ አቶ ካሳ ቤት ሄጄ ይህንኑ ቃል በቃል ነገርኳቸው። ኮታቸውን ደርበው ወደ ሲቀላ ወረዱ፤ አግዳሚው ላይ ዲሪባ ራሱ ቦታ ለቀቀላቸው።

ቢሮዎ ጸጥ ያለ፣ መብራትዎ የማይጠፋ፣ የሚቀጥለው ጥናትዎም እንደዚህኛው ያላንዳች መልስ ሰጪ የሚሳካ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከትንሽ ድካም ጋር እሰናበታለሁ።

የታገደው መለያ ተጠቃሚ፣
አጵሎስ ዳልጮ
አርባ ምንጭ፣ ሐምሌ 2005 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደሴዎች በመጨረሻ ንግሥቲቱን በልተዋል፤ አቶ ካሳም ሳይውሉ ሳያድሩ በፈረስ መልሰውላቸዋል። ግጥሚያው አሁን በስልክ ነው፤ የስልኩንም ካርድ አዋጥተን እንገዛለን። ስለዚህ ጥናትዎን ሲያርሙ ተጫዋቾች እንደሚከፍሉ ይጻፉልን፤ ለማን የሚለውን ግን ባዶ ይተዉት።